የኮኪቱ አውጫጭኝ

ኮኪት፣ ጥቅምት 12 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ ለቢሻው፣ ገዳሪፍ

ክረምቱን ሙሉ ዝም ብለህ ከርመህ ደብዳቤህ ባለፈው ቅዳሜ ደረሰኝ። ነጋዴዋ መጂዳ ከጋላባት ለገበያ ስትሻገር በሻይ ቅጠል ካርቶን ውስጥ አድርጋ አመጣችልኝ። ደህና ነሽ ወይ ብለሃል። ቆሜ እሄዳለሁ። ወፍጮው ይሠራል። ወባ ሁለት ጊዜ ጥሎኝ ሁለት ጊዜ ተነስቻለሁ። ደህና ማለት ይህ ከሆነ ደህና ነኝ።

የላክኸውን ቶብ ተቀብያለሁ። እንደ ሱዳን ሴቶች ተከናንበሽ ገበያ ውጪበት ብለሃል። ሣጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ጎማ ቤት የሚሠራ ሰው ለእናቱ ሐር የመሰለ ጨርቅ የሚልክበት አገር ካለ፣ የኮኪት ወጣት ሁሉ ሰሊጥ ሲያጭድ ጀርባውን የሚሰብረው ለምንድን ነው? ጎማ ቤቱ የማን እንደሆነ ጽፈህ ላክልኝ። ከዚያ እለብሰዋለሁ።

ስለ ሰሊጡም ጠይቀኸኛል። ይህስ ገርሞኛል። ኮሌጅ ሳለህ ለእረፍት ስትመጣ ሰሊጥ ለአንተ አቧራ ነበር፤ ሽታው ልብሴ ላይ ይቀራል እያልክ ከቤት አትወጣም ነበር። አሁን አጫጆቹ መቼ እንደሚሰናበቱ፣ ደመወዛቸውን የት እንደሚቀበሉ፣ በየት በኩል አገራቸው እንደሚገቡ ማወቅ ፈለግህ። ለጓደኛህ ለሽመክት አጎት መኪና ተሳፋሪ ለማግኘት ነው ብለሃል። የሽመክት አጎት መኪና እንዳለው ዛሬ ገና ሰማሁ። ይሁን። ሁሉን መጠርጠር ልማዴ ሆኖ ነው። አንድ ልጅ ጠይቆኝ ካልመለስኩለት ለማን ልመልስ ነው?

ያ ከኮረብታው ግርጌ ሰፊውን እርሻ የያዘው የጎንደር ባለሀብት ሰሊጡን አሳጭዶ ጨርሷል። ነዶው ተደጋግፎ በየሂላው፣ በየክምሩ ቆሞ እየደረቀ ነው። ከተራገፈ በኋላ ኅዳር እንደገባ አጫጆቹን ያሰናብታል፤ የሚከፍላቸውም እዚያው ካምፑ ላይ ነው። ከአጫጆቹ የበለሳ ልጆች አምና እዚህ ከተማ ውስጥ በመጠጥና በቁማር ስለተበሉ ዘንድሮ በኮኪት አናልፍም ብለዋል። ጎህ ሲቀድ በደረቁ ወንዝ ወርደው ገንዳ ውኃ ላይ መኪና ሊይዙ ነው ሐሳባቸው። ማሽላ ሊያስፈጩ ሲመጡ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ተሳፋሪ የምትፈልጉ ከሆነ እንግዲህ ገንዳ ውኃ ላይ ጠብቋቸው።

እኔም ልጠይቅህ። ሽመክት አሁንም ከአንተ ጋር ነው? የኮሌጁ ኳስ ቡድን አምበል ሳለ አንተን ወንድሜ ይልህ ነበር። ወንድሙን ከትምህርት ገበታ አንስቶ የሚወስድ ወንድም ግን እኔ አላየሁም። ያ የአዲስ አበባ ክለብ ሁለታችሁንም ወስዶ በጥቂት ወር ሲመልሳችሁ፣ ወደ ኮሌጃችሁ ተመለሱ ያላችሁ ሰው አልነበረም? ወይስ ነበር፣ አንተ ነህ ያልሰማኸው? ይህን ነገር መጀመሪያ በሰው እጅ አስጽፌ ጠየቅሁህ፤ ፊደል ከቆጠርኩ ወዲህ ደግሞ በራሴ እጅ። አንተ ስለ ገዳሪፍ ሙቀት ትጽፍልኛለህ። ሙቀትማ እዚህም አለ።

እናትህ ዙፋን


ገዳሪፍ፣ ጥቅምት 27 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ

እምዬ፣ ጽሕፈትሽ እንዴት አምሯል! ሽመክት አይቶ የትምህርት ቤት ልጅ ነው እንጂ የወፍጮ ቤት ሴትዮ አልጻፈችውም ብሎ ተከራከረኝ። አዎ፣ አብረን ነን። አትቆጪው። ለአንቺ ሰላምታ ልኳል።

ዝም በማለቴ ይቅር በይኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። ጎማ ቤቱ የአንድ ሱዳናዊ ነው፤ ስሙን ብጽፍልሽም አታውቂውም። ሰውየው ደግ ነው፣ በበዓላቸው ጊዜ ለሠራተኛው ሁሉ ስጦታ ይሰጣል። ቶቡም ከዚያ የተገኘ ነው። ልበሽው።

ስለ ኮሌጁ የጠየቅሽኝን አልመልስም ብዬ አይደለም፤ መልሱ ስለሚያሳፍረኝ ነው። ክለቡ ጉልበቴን በሐኪም አሳይቶ አትሆንም አለኝ። ሽመክትን ደግሞ ዕድሜህ ገፍቷል አሉት። መመለስ እንችል ነበር። ግን እምዬ፣ ስንሄድ ተማሪው ሁሉ በር ድረስ ወጥቶ በጭብጨባ ነው የሸኘን። በዚያው በር አንገቴን ደፍቼ ስገባ ዘበኛው ምን ይለኛል እያልኩ መኪና ተራ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ደግሞም እውነቱን ልንገርሽ፤ ፈተና ሲያመልጠኝ አሰልጣኙ ነበሩ መምህሩን የሚያነጋግሩልኝ። የክፍል ጓደኞቼ ስሜን የሚያውቁት ከማሊያዬ ነበር። ኳሱ ሲቀር እኔ በዚያ ክፍል ውስጥ ማን ነበርኩ? ሽመክት ሱዳን ሥራ አለ ሲለኝ ስለ ትምህርት ሳይጠይቀኝ ያነጋገረኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር።

ስለ በለሳዎቹ ስለጻፍሽልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሽመክት በጣም ደስ ብሎታል። አንድ ነገር ብቻ ጨምሪልን። ስንት ሆነው ነው የሚሄዱት? መንገድ መሪ አላቸው ወይስ ብቻቸውን ናቸው? መኪናው እንዳይጠብባቸው ብለን ነው።

ልጅሽ ቢሻው


ኮኪት፣ ኅዳር 13 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለቢሻው

ጤና ይስጥህ። የወፍጮው ቺንጋ ተበጥሶ ሰሞኑን ሥራ ፈትቼ ነበር፤ አሁን ከጎንደር መጥቶልኝ ተተክሏል። ማሽላው ዘንድሮ ጥሩ ነው። የጎረቤታችን ጊደር ወልዳለች። የአባትህ ወንድም አለምሰገድ ዓይኑን ያመዋል፣ አንተንም ይጠይቃል። ሌላ ምን ልጻፍልህ? ወረቀቱ ግማሽ ሳይደርስ ወሬዬ አለቀ። እንግዲህ ወደ ኋላ የገፋሁትን ልጻፈው።

የበለሳ ልጆች ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ በደረቁ ወንዝ ውስጥ ተዘረፉ። ፊታቸውን በሻሽ የሸፈኑ ሰዎች ከሁለቱም ዳር ወረዱባቸው። የአንድ ወቅት ላባቸውን አስረክበው አገራቸው ባዶ እጃቸውን ገቡ፤ አንዱ ግን አልገባም። ሰጠኝ ይባላል። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት እዚህ ማሽላ አስፈጭቶ ዱቄቱ ፊቱና ጸጉሩ ላይ ቦኖበት «እማማ፣ አሁንስ ሸመገልኩ፣ ሚስት ይፈልጉልኝ» እያለ ሲያስቀኝ ነበር። ሬሳው በአይሱዙ ተጭኖ በወፍጮ ቤቱ በር አለፈ።

ስንት እንደሆኑ፣ መሪ እንዳላቸው ጠይቀኸኝ ነበር። ልመልስልህ ብዬ ተቀምጬ ወረቀቱን መልሼ አጠፍኩት። መልሴን የጠበቀ የለም። መሪያቸው አብሮ አደግህ አገኘሁ ነበር፣ የትራክተር ረዳቱ። ሽፍቶቹ ሲወርዱ እሱ ቀድሞ ወደ ጫካ ሮጦ ምንም ሳይነካው ወጣ። ስለዚህ ሰው ሁሉ ጣቱን እሱ ላይ ቀስሯል። ፖሊስ ወስዶ ገንዳ ውኃ አስሮታል። ሚስቱ ዘሊካ የመጀመሪያ ልጇን እርጉዝ ናት። ትናንት መጥታ እህሏን ሳታስፈጭ ደጃፌ ላይ ተቀምጣ ዋለች። ፈሪ ነው እንጂ ሌባ አይደለም ትላለች። ሰውም እሱን በፍርሃቱ ያውቀዋል፤ አሁን ግን ማስታወስ የሚፈልግ የለም።

ሽማግሌዎቹ አውጫጭኝ ጠርተዋል። ልጅ ሳለህ ወጥቶ ስለማያውቅ ላታስታውሰው ትችላለህ። የአገሩ አባወራ በሙሉ ይሰበሰባል። ባል የሌላት ሴት የቤቷ አባወራ ናትና እኔም እቀመጣለሁ። ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ አገር ከሥራው ይታገዳል። እያንዳንዱ ይምላል፣ የሚያውቀውንም ይናገራል። ማን ነገረህ ተብሎ አይጠየቅም። «ወፌ እገሌ ነው አለችኝ» ካለ ይበቃል፤ ነጋሪው በቀል እንዳይደርስበት ወፏ ትሸፍነዋለች።

የሽመክት አጎት ተሳፋሪ አገኘ ወይ? ገንዳ ውኃ ላይ ማክሰኞ ዕለት እነሱን የጠበቀ መኪና አልነበረም። አስጠይቄያለሁ።

ሌላ አልጠይቅህም። ማክሰኞ የት ነበርክ?

እናትህ ዙፋን


ገዳሪፍ፣ ኅዳር 19 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ

ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ፣ መጂዳ ሳትመለስ ብዬ ቶሎ እጽፍልሻለሁ። በጣም አዝኛለሁ። ማክሰኞ እዚሁ ጎማ ቤት ነበርኩ፤ ሽመክትም አብሮኝ ነበር፣ ልትጠይቂው ትችያለሽ። የአጎቱ መኪና ሞተር ነክሶበት ሳይሄድ ቀረ። እንኳንም ቀረ።

አገኘሁን አውቀዋለሁ። ልጅ ሆነን ከጎረቤት ዶሮ ሲጠፋ የሚጠረጠረው እሱ ነበር። ሰው እርቦት የማያደርገው የለም፣ በተለይ ሚስቱ እርጉዝ ከሆነች። ፖሊስ ያለ ምክንያት አያስርም።

እምዬ፣ ስለ አውጫጭኙ ዝርዝሩን ጻፊልኝ። ሰብሳቢው ማን ነው? ሴቶችም እንደ ወንዶቹ ነው የሚምሉት? ከበለሳዎቹ የሰው ፊት አየሁ ያለ አለ ወይ? ወሬው እዚህም ስለደረሰ ሰው ይጠይቀኛል። አንቺ ግን ብዙ አትናገሪ። በሰው አገር ያለ ልጅ እናት ነሽና ነገር ወዳንቺ ይዞራል።

ገና ሲደርስ የምትፈልጊውን እልክልሻለሁ።

ልጅሽ ቢሻው


ኮኪት፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለቢሻው

በስድስት ቀን ውስጥ መልስ የጻፍክልኝ ከተወለድክ ዛሬ ገና ነው። ተሳክቶልሃል፤ ደብዳቤው ሞቅ እንዳለ ነው የደረሰኝ። ደጋግሜ አነበብኩት። ሰብሳቢውን ጠየቅህ፣ መሐላውን ጠየቅህ፣ ፊት ያየ አለ ወይ ብለህ ጠየቅህ። የሞተውን ልጅ ስም ጽፌልህ ነበር። አንተ አልጻፍከውም። ነፍስ ይማር እንኳ አላልክም።

የጠየቅኸኝን ልመልስ። ሰብሳቢው አቶ አትክልት ናቸው። ሴቶችም እንደ ወንዶቹ ነው የሚምሉት። ፊት ያየ የለም። ሌላ ነገር ያየ ግን አለ።

አውጫጭኙ ባለፈው እሑድ ከትልቁ ሾላ ሥር ተቀመጠ። ወጣቱ እገዳው ሳይሰማ ራቅ ወዳለ እርሻ ወጥቶ ስለነበር የመጣው ሽማግሌና መበለት ብቻ ነው። ከበለሳ ዋኘው የሚባል የሰጠኝ ጓደኛ ለምስክርነት ወርዷል። እንዲህ ብሎ ተናገረ።

«ሰጠኝ ከሁላችንም ፈጣን ነበር። ዳገቱን ወጥቶ ሊያመልጥ ነበር። ከሽፍቶቹ አንዱ በጎን መጣበት። በእጁ አልያዘውም፣ በዱላም አልመታውም። ገና ሳይደርስበት መሬት ላይ ተጋደመና በቂጡ ተንሸራቶ በእግሩ እግሩን አነሳበት። ሰጠኝ በግንባሩ ተደፋ። ያ ሰውዬ ብድግ ብሎ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ፣ መዳፉን ከፍቶ። እኔ ቁጥቋጦ ሥር ነበርኩ። እጅ የሰጠ መሰለኝ። ከእኛ ማን ጠመንጃ ኖሮት ነው እጅ የሚሰጠው አልኩ በልቤ። ከዚያ ሌላው መጥቶ ተኮሰ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ዛር ያለበት ሌባ ነው አሉ። ሌላው ጸሎት ሲያደርስ ይሆናል አሉና አንዳንዱ ሳቀ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ኳስ ሜዳ ሄዶ የሚያውቅ አልነበረም።

እኔ ሄጃለሁ። ለኮሌጅህ ላሜን ሸጬ አንድ ቀን እንኳ ምን እንደምትሠራ ልይ ብዬ ጎንደር መጥቼ ነበር። ከስታዲየሙ ድንጋይ ላይ አስቀምጠኸኝ ወረድክ። አንድ ቀጭን ልጅ ኳስ እየገፋ ሲያመልጥህ በጎን መጣህበትና መሬት ላይ ተንሸራትተህ ጣልከው። ልጁ እግሩን ይዞ ይንከባለላል። አንተ ተነስተህ ሁለት እጅህን ሰቀልክ፣ መዳፍህን ከፍተህ። ሰው ሁሉ ሲጮህ እኔ ደነገጥኩ። ማታ እራት ላይ ጠየቅሁህ፤ ጥለኸው ስታበቃ እንደሚለምን ሰው እጅ የምታነሳው ለምንድን ነው አልኩህ። ሽመክትና አንተ ሳቃችሁብኝ። «እምዬ፣ ይህ ሸርተቴ ይባላል። ጥፋት ብትሠሪም ቀድመሽ እጅሽን ታነሻለሽ፤ ያኔ ዳኛው ይጠራጠራል» አልከኝ።

በዚያ ወንዝ ውስጥ ዳኛ አልነበረም። እጅህን ያነሳኸው ለማን ነው?

ወይስ አንተ አይደለህም? ሽመክትም ተከላካይ ነበር። እሱም ይህን ያውቃል። እንዲህ እያልኩ ራሴን ስደልል ሰነበትኩ። ዋኘው ቁመናውን ሲናገር ግን ረጅም፣ ግራ እግሩን ዘርግቶ የመጣ ነበር አለ። ሽመክት አጭር ነው፤ ግራኙም አንተ ነህ።

የመሐላው ቃል ይህ ነው። «አውቄ ብደብቅ የወለድኩት አይቅርልኝ።» እያንዳንዱ መስቀል ጨብጦ ይላታል። ተራዬ ሊደርስ ሲል ሆዴን አመመኝ ብዬ ወጣሁ። ዓይናቸው ተከተለኝ። ሁለተኛው ቀጠሮ ታኅሣሥ ገብርኤል በዋለ ማግስት ነው፤ ያኔ ያልማለ እንደ ጥፋተኛ ይቆጠራል። ከዚያ በፊት እውነቱን ጻፍልኝ። ለሽመክት ሳታሳይ፣ ብቻህን ሆነህ ጻፍ።

ዙፋን


ገዳሪፍ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1996 ዓ.ም.

እምዬ

ይህን የምጽፈው ብቻዬን ሆኜ ነው። ካነበብሽው በኋላ እሳት ውስጥ ክተቺው።

እኔ ነኝ። እጄ በራሱ ነው የተነሳው። እስከምትጽፊልኝ ድረስ ማንሳቴንም አላውቅም ነበር። ግን እምዬ፣ እኔ መጣል ብቻ ነው የጣልኩት። የተኮሰው ሽመክት ነው። ልጁ ለመነሳት ሲሞክር ደንግጦ ተኮሰ። አንገድልም ብለን ነበር የተነጋገርነው። ሦስት ጊዜ ሠርተን አንድም ጊዜ ሰው አልሞተም ነበር።

እንዴት እዚህ ደረስክ ትይኛለሽ። በአንድ ቀን የተጀመረ ነገር አይደለም። መጀመሪያ ሲጋራና ጫማ ማሻገር ነበር። እኔና ሽመክት መሮጥ እንችላለን፣ ዝም ብለን መታዘዝም ለምደናል፤ ነጋዴዎቹ ወደዱን። ከዚያ ዕቃው ሲያዝ ዕዳ ውስጥ ገባን። ከዚያ ሽመክት ሌሎች ኳስ የተዉ ልጆች ሰበሰበ። አሁንም እንደ አምበል ነው። ከመውጣታችን በፊት መሬት ላይ በእንጨት እየሣለ አንተ ግራውን ያዝ፣ አንተ ከኋላ ቁም ይለናል። ብታይው ትስቂ ነበር። እኔ እስቅ ነበር። ከኮሌጁ ወዲህ ቦታህ ይህ ነው ያለኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ጎማ ቤት ሠርቼ አላውቅም።

አሁን የምጠይቅሽን ሳትቆጪ ስሚኝ። አውጫጭኝ ላይ ወፍ አትጠየቅም ብለሽኛል። ወፌ አገኘሁ ነው አለችኝ በይ። እሱ ቀድሞም ተጠርጥሮ ታስሯል፤ አንቺ ብትጨምሪበት የሚለወጥ ነገር የለም። ጠቋሚ ነው ተብሎ ቢበዛ ጥቂት ዓመት ታስሮ ይወጣል። እኔ ብያዝ ግን ሰው የሞተበት ነገር ነው፣ ሽመክትም አይለቀኝም። ለዘሊካ እኔ በድብቅ እረዳታለሁ፣ ልጇም እንዳይቸገር አደርጋለሁ። ስለ መሐላው አትፍሪ፤ ለልጅ ሲባል የተማለ መሐላ እግዚአብሔርም ይረዳዋል።

ከወለድሽው ሌላ የለሽም። ካለቀ በኋላ ምን ብለሽ እንደማልሽ ጻፊልኝ። ያን እስከማነብ እንቅልፍ የለኝም።

ቢሻው


ኮኪት፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለቢሻው

ምን ብለሽ ማልሽ ብለሃል። እነግርሃለሁ።

በመጀመሪያ ግን፣ እውነቱን ስለጻፍክልኝ አመሰግንሃለሁ። ጎማ ቤት ሠርቼ አላውቅም ያልክባትን መስመር ሳነብ ከዓመታት በኋላ የልጄን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ከሥሯ ያለውን ባትጽፈው ኖሮ አንተን ለማዳን ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም። ዋሽቼ እምል ነበር ይሆናል። የወለደ ሰው ምን እንደሚያደርግ ቀድሞ አያውቅም። አንተ ግን ዝም በይልኝ አላልከኝም፤ አገኘሁን ስጪልኝ አልከኝ። ገና ላልተወለደ ልጅ አባት ነው የጠየቅኸኝ።

ለዘሊካ እረዳታለሁ ያልከውን ከየት አምጥተህ ነው? ከየትኛው ወንዝ?

ደብዳቤህን አላቃጠልኩትም። ለማንም ግን አላሳየሁም። የምናገረውን በአፌ መናገር ፈለግሁ።

ትናንት ሾላው ሥር አንዲት የማላውቃት ሴት ተቀምጣ አየሁ። የሰጠኝ እናት ናት። ቆላ ወርዳ አታውቅም፤ ፊቷ በሙቀቱ ተላልጦ፣ የወባ ትንኝ እንዳይነድፋት በጋቢ ተሸፍና ነበር። ከእኔ ጥቂት ብታንስ ነው። ጎኔ ያለው ቦታ ክፍት ስለነበር እዚያ አስቀመጧት።

ሰው በተራ ተነሳ። ወፌ አገኘሁ ነው አለችኝ የሚል በዛ። ከእነዚያ አንዳቸውም ምንም አላዩም። ፖሊስ ካሰረው እሱ ይሁን ብለው ነው፤ አገር ከሥራው መታገዱ ሰልችቷቸዋል፣ ሰሊጡ ሜዳ ላይ ነው። ዘሊካ ከዳር ቆማ እያንዳንዱን በዓይኗ ትከተላለች። ተራዬ ሲደርስ ተነስቼ መስቀሉን ጨበጥኩ። አቶ አትክልት ያው ደግነታቸው ነው፣ አምና አባትህ በሌለበት ቤቴን ያሳደሱልኝ ሰው ናቸው፣ ቀስ ብለው «ወይዘሮ ዙፋን፣ ወፍዎ ምን አለችዎ?» አሉኝ።

«ወፍ የለኝም» አልኩ። «ያን ልጅ የጣለው ቢሻው ነው፣ እኔ የወለድኩት። የተኮሰው ጓደኛው ሽመክት ነው። አገኘሁ የለበትም።»

አቶ አትክልት ዘንጋቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ከዚያ እንደ ሕጉ ከሆነ እንዴት እንዳወቅሁ መናገር እንደማይጠበቅብኝ ነገሩኝ፤ መቀመጥ እችላለሁ አሉኝ። እኔም መቀመጥ ፈልጌ ነበር። የሰጠኝ እናት ግን ቀና ብላ ጠየቀችኝ። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረውም።

«ልጅሽ በዚያ መንገድ እንደሚሄዱ በምን አወቀ?»

«እኔ ነገርኩት።»

«እያወቅሽ?»

«እየጠረጠርኩ» አልኳት።

ጋቢዋን ሰብስባ ከጎኔ ተነስታ ሌላ ቦታ ሄዳ ተቀመጠች። እስከ ማታ ድረስ ያ ቦታ ባዶ ነበር።

አንተ መጣል ብቻ ነው የጣልኩት ብለሃል። ባትጥለው ኖሮ ያመልጥ ነበር። ጓደኛው ከሁላችንም ፈጣን ነበር ብሎ መስክሮለታል። ጥይቱ የሽመክት ነው፣ መንገዱ የእኔ ነው፣ መውደቁ ያንተ ነው። እኔ የእኔን ተናግሬያለሁ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ልንገርህ። አጎትህ አለምሰገድ ደጃፌ ላይ ቆሞ የወንድሜን ዘር ያጠፋሽ ብሎኝ ሄደ፤ ሰላምታም የለንም። ዛሬ ጠዋት አገኘሁ ተፈትቶ ከገንዳ ውኃ መጣ። በወፍጮ ቤቱ በር ሲያልፍ ተነስቼ ቆምኩለት። አላየኝም። እውነት አለው፤ እኔ ሆዴን አመመኝ ብዬ ቤቴ ስተኛ እሱ እስር ቤት ነበር። ዘሊካም እህሏን ሌላ ወፍጮ ቤት ወስዳለች። ሁለቱም የሚያመሰግኑኝ መስሎህ ከሆነ፣ እኔም ለጥቂት መስሎኝ ነበር።

የገንዳ ውኃው አስር አለቃ ትናንት ማታውኑ መጥቶ ቃሌን ተቀብሏል። ገዳሪፍ ገብተው ሊይዟችሁ እንደማይችሉ ነገረኝ። ልጅሽን አስመጪው አለኝ፤ ታምሜያለሁ ብለሽ ጻፊለት፣ ሲሻገር እንይዘዋለን አለ። እንቢ አልኩት። ልጄን ዋሽቼ አላስመጣውም አልኩ። እጽፍለታለሁ፣ ግን ያለውን ነው የምጽፍለት አልኩት። ሳቀብኝ። እንዲያ ከሆነ አይመጣም አለ።

ስለዚህ ያለውን እጽፍልሃለሁ። አልታመምኩም። ከገና በኋላ ባለው ቅዳሜ መተማ ዮሐንስ ድልድዩ ዳር በእኛ በኩል ከጠዋት ጀምሮ እቀመጣለሁ። አስር አለቃው ከሁለት ፖሊሶች ጋር ከኋላዬ ይቆማል። ከተሻገርክ ይይዙሃል። ጎንደር ይወስዱሃል። ፍርድ ቤት የሚልህን አላውቅም፤ ቀላል እንደማይሆን ግን አውቃለሁ። አቶ አትክልት ራስህ እጅህን ከሰጠህና ሽመክት የት እንዳለ ከተናገርክ ሽማግሌ ይዘው በለሳ ድረስ እንደሚወጡልህ ቃል ገብተውልኛል። የደም እርቁን እናቲቱ ትቀበል እንደሆነ ማንም አያውቅም። እኔም እንድትቀበል አልለምናትም፤ አብሬ ሄጄ ግን በሯ ላይ እቆማለሁ።

ለሽመክት ይህን አታሳየው። ካሳየኸው አትሻገርም፤ ይህን አውቃለሁ። ወደ ሌላ አገር ሄዶ ጠፋ ብለው ቢነግሩኝ እንኳ በማን እጅ እንደጠፋህ እጠረጥራለሁ።

ጓደኛህ ቦታህ ይህ ነው ሲልህ ነው የተከተልከው። እኔም ልንገርህ። በዚያ ድልድይ ላይ ቦታህ በእኔ በኩል ነው። መምረጥ ያንተ ነው። መሽቶ የድንበሩ በር እስኪዘጋ ድረስ እቀመጣለሁ፤ ከዚያ በኋላ ተነስቼ ወደ ወፍጮዬ እመለሳለሁ፣ ሌላ ቅዳሜም አልመጣም።

በሶ ፈጭቼልሃለሁ፣ ዳቦ ቆሎም አድርጌያለሁ። ስንቁ ለጎንደር መንገድ ነው። ለገዳሪፍ የቋጠርኩት የለም።

እናትህ ዙፋን